ሬቸል ካርሰን

ሬቸል ሉዊዝ ካርሰን (ግንቦት 19 ቀን 1899 ዓ.ም. – ሚያዝያ 6 ቀን 1956 ዓ.ም.፤ እ.ኤ.አ. ከሜይ 27 ቀን 1907 እስከ ኤፕሪል 14 ቀን 1964) አሜሪካዊት የባሕር ሥነ ሕይወት ባለሙያና ደራሲ ነበረች። በዓለም ዙሪያ የምትታወቀው በ1962 ባሳተመችው «ዝምተኛው ፀደይ» በተባለ መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ ዲዲቲና ሌሎች ፀረ-ተባይ ኬሚካሎች ያለ ልክ ሲረጩ በአእዋፍ፣ በዓሣና በሰው ላይ የሚያደርሱትን ጉዳት ለሕዝብ ያሳወቀ ሲሆን ለዘመናዊው የአካባቢ ጥበቃ እንቅስቃሴ መነሻ ከሆኑት ሥራዎች አንዱ ነው።

ካርሰን የዚህን መጽሐፍ አብዛኛውን ክፍል የጻፈችው የጡት ካንሰር ይዟት ነው። በ1950 ከግራ ጡቷ እብጠት ወጥቶላት ካንሰር አይደለም ተብላ ነበር። ከ10 ዓመት በኋላ በዚያው ጡት ላይ እንደገና እብጠት ተገኘና ጡቷ ተቆረጠ፤ ይሁን እንጂ ቀዶ ሐኪሟ ካንሰር መሆኑን አልነገራትም። እውነቱን ያወቀችው ስምንት ወር ያህል ቆይታ፣ ራሷ ሌላ ሐኪም ፈልጋ በመጠየቅ ነው። ከዚያ ቀን አንሥቶ እስከ ሞቷ ድረስ ስለ ሕክምናዋ፣ ስለ ሥራዋና ሕመሟን ለማን እንደምትናገር የወሰነችው እሷው ነበረች።

(በዚህ መጣጥፍ ውስጥ ዓ.ም. ተብለው ከተጻፉት በቀር ዓመታቱ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

ልጅነትና ትምህርት

ካርሰን የተወለደችው በፔንሲልቬንያ ግዛት፣ በአሌጌኒ ወንዝ አጠገብ በምትገኘው ስፕሪንግዴል በተባለች ትንሽ ከተማ ነው። ከአባቷ ከሮበርት ካርሰንና ከእናቷ ከማሪያ ማክሊን ካርሰን ለተወለዱት ሦስት ልጆች የመጨረሻዋ ነበረች። ቤተሰቡ 26 ሄክታር ያህል መሬት ነበረው፤ ገንዘብ ግን አልነበረውም። እናቷ ተፈጥሮን የምትወድ የተማረች ሴት ስለነበረች ልጇን በየጫካውና በየወንዙ ዳር እየወሰደች የወፎችንና የዕፅዋትን ስም ታስተምራት ነበር። ካርሰን የመጀመሪያ ታሪኳ በልጆች መጽሔት ላይ የታተመላት ገና በ11 ዓመቷ፣ በ1918 ነው።

በ1925 ወደ ፔንሲልቬንያ የሴቶች ኮሌጅ የገባችው ሥነ ጽሑፍ ለማጥናት ነበር። እዚያ ሜሪ ስኮት ስኪንከር የተባለች የሥነ ሕይወት መምህርት ሐሳቧን አስቀየረቻት፤ የትምህርት ክፍሏን ወደ ሥነ ሕይወት አዛውራ በ1929 በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቀች። በዚያው ዓመት ክረምት በዉድስ ሆል የባሕር ሥነ ሕይወት ላቦራቶሪ ስትሠራ ውቅያኖስን ለመጀመሪያ ጊዜ አየች። በ1932 ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በሥነ እንስሳት የማስተርስ ዲግሪ አገኘች። የዶክትሬት ትምህርቷን ግን በ1934 አቋርጣለች፤ ምክንያቱ በታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ ዘመን ቤተሰቧን የሚረዳ ሌላ ሰው አለመኖሩ ነበር።

ሥራና የቤተሰብ ኃላፊነት

አባቷ በ1935 በድንገት ሞተ። ካርሰን ለአሜሪካ የዓሣ ሀብት ቢሮ ስለ ባሕር ሕይወት የሬዲዮ ዝግጅቶችን በመጻፍ ጀመረች። በ1936 የመንግሥት ሠራተኞች ፈተና ወስዳ አንደኛ ወጣችና በቢሮው በሙያዋ በቋሚነት ከተቀጠሩት ሴቶች ሁለተኛዋ ሆነች። በ1937 ታላቅ እኅቷ ሁለት ሴት ልጆች ትታ ስታርፍ ልጆቹን የማሳደጉ ኃላፊነት በእሷና በእናቷ ላይ ወደቀ።

ቀን ቀን የቢሮ ሥራዋን እየሠራች ማታ ማታ ለራሷ ትጽፍ ነበር። የመጀመሪያ መጽሐፏ «ከባሕር ነፋስ በታች» በኅዳር 1941 ወጣ፤ በቀጣዩ ወር አሜሪካ ወደ ጦርነት ስለገባች ብዙም አልተሸጠም። በመሥሪያ ቤቷ ግን ከደረጃ ወደ ደረጃ እያደገች በ1949 የዓሣና የዱር እንስሳት አገልግሎት የኅትመቶች ዋና አዘጋጅ ሆነች።

ካርሰን ካንሰርን ከቅርብ ያወቀችው በራሷ ላይ ከመድረሱ በፊት ነው። መምህሯና ወዳጇ ስኪንከር በካንሰር ታምማ በ1948 መጨረሻ ላይ ስትሞት ካርሰን አጠገቧ ነበረች።

በ1951 የታተመው «በዙሪያችን ያለው ባሕር» የተሰኘው ሁለተኛ መጽሐፏ ሕይወቷን ለወጠው። መጽሐፉ በኒው ዮርክ ታይምስ የብዙ ተነባቢ መጻሕፍት ዝርዝር ላይ 86 ሳምንት ቆየ፤ በ1952ም የአሜሪካን ብሔራዊ የመጽሐፍ ሽልማት አገኘ። ካርሰን በዚያው ዓመት የመንግሥት ሥራዋን ለቅቃ ሙሉ ጊዜዋን ለጽሑፍ ሰጠች። በሜይን ግዛት ሳውዝፖርት ደሴት ላይ የበጋ ቤት ሠራች። እዚያ የተዋወቀቻት ጎረቤቷ ዶሮቲ ፍሪማን እስከ ዕለተ ሞቷ የቅርብ ጓደኛዋ ሆነች፤ ዛሬ ስለ ሕመሟ ከሚታወቀው ብዙው የተገኘው ሁለቱ ከተጻጻፏቸው ደብዳቤዎች ነው።

የ1950ው እብጠት

«በዙሪያችን ያለው ባሕር» ለኅትመት በሚዘጋጅበት ጊዜ፣ በ1950፣ ሐኪሞች በግራ ጡቷ ላይ እብጠት አገኙ። በቀዶ ሕክምና ወጣና ተመረመረ። ካንሰር የሚያሳይ ምልክት እንዳልተገኘበት፣ ሌላ ሕክምናም እንደማያስፈልጋት ተነገራት። እሷም ጉዳዩን ጨርሳ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። በዚያን ጊዜ ዛሬ በስፋት የሚሠራበት የጡት ራጅ ምርመራ ገና አልተለመደም ነበር፤ እብጠት ወጥቶላት የነበረች ሴት በየጊዜው እየተመላለሰች የምትታይበት ሥርዓትም አልነበረም።

ቀጣዮቹ ዓመታት የኃላፊነት ዓመታት ነበሩ። «የባሕር ጠርዝ» የተባለው ሦስተኛ መጽሐፏ በ1955 ታተመ። በ1957 መጀመሪያ ካሳደገቻቸው የእኅቷ ልጆች አንዷ ሞተችና የአምስት ዓመት ወንድ ልጅ ወላጅ አልባ ሆነ። ያን ጊዜ 49 ዓመቷ የነበረው፣ ያላገባችው ካርሰን ልጁን በማደጎ ወሰደች። በታኅሣሥ 1958 ደግሞ ዕድሜ ልኳን አብራት የኖረችው እናቷ ዐረፈች። ካንሰሩ ሲመጣ እንግዲህ ካርሰን የአንድ ትንሽ ልጅ ብቸኛ አሳዳጊ ነበረች፤ በኋላ የወሰነቻቸው ውሳኔዎች ሁሉ ይህንን ልጅ ያገናዘቡ ናቸው።

የ«ዝምተኛው ፀደይ» ጅማሮ

ዲዲቲ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወባና ታይፈስ የሚያስተላልፉ ነፍሳትን በመግደል ዝና ያተረፈ ኬሚካል ነው። ከጦርነቱ በኋላ በእርሻ ማሳ፣ በጫካና በከተማ ላይ ከአውሮፕላን መርጨት ተጀመረ። ካርሰን በ1945 ስለ ዲዲቲ ለመጻፍ ለአንድ መጽሔት ሐሳብ አቅርባ ተቀባይነት አላገኘችም ነበር። በጥር 1958 በማሳቹሴትስ ግዛት የምትኖር ወዳጇ ኦልጋ ኦውንስ ሃኪንስ ለትንኝ ተብሎ ከአውሮፕላን የተረጨ መድኃኒት በቅጥር ግቢዋ ያሉትን ወፎች እንደፈጀባት የሚገልጽ ደብዳቤ ላከችላት። ካርሰን መጀመሪያ ያሰበችው አጭር ጽሑፍ ነበር፤ መረጃው ሲበዛ ግን መጽሐፍ ሆነ።

ከመጽሐፉ ምዕራፎች መካከል ኬሚካሎች በሰው ላይ ካንሰር ስለማስከተላቸው የሚተነትን ይገኝበታል። ለዚህ ክፍል የብሔራዊ የካንሰር ኢንስቲትዩቱን ተመራማሪ ዊልሄልም ሂዩፐርን አማክራለች። በ18ኛው ክፍለ ዘመን በለንደን የጭስ ማውጫ ጠራጊዎች ላይ ከታየው ካንሰር ጀምሮ እስከ ዘመኗ ድረስ የነበረውን ጥናት ሰበሰበች። ካንሰር በአንድ ሴል እንዴት እንደሚጀምር፣ ለምን ዓመታት ቆይቶ እንደሚታይ በምታነብበት በዚሁ ወቅት ነው የራሷ ሕመም የተገለጠው።

የ1960 ቀዶ ሕክምና

1960 ለካርሰን በሕመም ጀመረ። መጀመሪያ የአንጀት ቁስለት፣ ቀጥሎ የሳንባ ምች ያዛት። ፀደይ ሲገባ በግራ ጡቷ ላይ ሁለት እብጠቶች ተገኙ። በሚያዝያ ወር ሆስፒታል ገብታ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ከእብጠቶቹ አንዱ አጠራጣሪ ሆኖ ስለተገኘ ሐኪሞቹ ዘመኑ የፈቀደውን ትልቁን ቀዶ ሕክምና አደረጉላት።

ይህ ቀዶ ሕክምና አሜሪካዊው ዊልያም ሃልስቴድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ያስፋፋው ነው። ጡቱ ብቻ ሳይሆን ከሥሩ ያሉት የደረት ጡንቻዎችና በብብት ውስጥ ያሉት ዕጢዎች ጭምር ይወጣሉ። ሐሳቡ ካንሰር ከጡት ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ ስለሚስፋፋ፣ ዙሪያው በሰፊው ከተቆረጠ ሕመሙ ከሥሩ ይነቀላል የሚል ነበር። በጊዜው አሠራር ናሙናው የሚመረመረው ሴትየዋ በማደንዘዣ ተኝታ ሳለች ነው፤ አጠራጣሪ ከሆነ እዚያው ይቆረጣል። በሌላ አነጋገር ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል የምትገባ ሴት ከእንቅልፏ ስትነቃ ጡቷ ይኑር አይኑር አታውቅም ነበር።

ካርሰን ከነቃች በኋላ የምርመራው ውጤት ምን እንደሆነ ቀዶ ሐኪሟን በቀጥታ ጠየቀች። የተነገራት ወደ ካንሰር የተጠጋ ነገር እንጂ ካንሰር አለመሆኑን ነው። ተጨማሪ ሕክምናም አልታዘዘላትም። እውነቱ ግን እብጠቱ ካንሰር መሆኑና ወደ ዕጢዎቹ መሰራጨቱ ነበር።

ይህ የአንድ ሐኪም ጠባይ ብቻ አልነበረም። በ1961 በታተመ አንድ የታወቀ ጥናት ላይ ቺካጎ ውስጥ በሚገኝ ሆስፒታል ከተጠየቁ 219 ሐኪሞች 90 በመቶዎቹ የካንሰር ታማሚን ሕመሙን አለመንገር እንደሚመርጡ ተናግረዋል። ምክንያታቸው ታማሚው ተስፋ እንዳይቆርጥ የሚል ነበር። ታማሚዋ ባለትዳር ከሆነች ብዙ ጊዜ ነገሩ ለባሏ ይነገር ነበር፤ ካርሰን ግን ባል አልነበራትም። በዚህም የተነሣ በአገሯ ስለ ካንሰር በጥልቀት ካነበቡት ጸሐፊዎች አንዷ ሆና ሳለች ስለ ራሷ ካንሰር ሳታውቅ ቀረች።

እውነቱን መፈለግ

በኅዳር 1960 ካርሰን በዚያው በግራ ጎኗ፣ በጎድን አጥንቷ አካባቢ ጠንካራ እብጠት ዳሰሰች። ለጊዜው የታዘዘላትን የጨረር ሕክምና ጀመረች፤ ነገር ግን የተሰጣት ማብራሪያ አላረካትም። ከዚህ በፊት የተነገራት እውነት ከሆነ አሁን ጨረር ለምን እንደሚያስፈልጋት ሊገባት አልቻለም።

በታኅሣሥ ወር በኦሃዮ ግዛት በሚገኘው ክሊቭላንድ ክሊኒክ ለሚሠራው ለዶክተር ጆርጅ ክራይል ልጅ (አባቱም ስመ ጥር ሐኪም ስለነበረ ታናሹ ክራይል ይባላል) ጻፈችለት። ምርጫዋ በአጋጣሚ አልነበረም። ክራይል በ1955 ለተራ አንባቢ ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ካንሰር ያለው ፍርሃት ራሱ ጉዳት እንደሚያደርስ፣ ትልቁ የጡት ቀዶ ሕክምናም ለብዙ ሴቶች ከሚገባው በላይ እንደሆነ ተከራክሮ ነበር። በዚህ አቋሙ ብዙ የሙያ ባልደረቦቹ ተቃውመውታል። ካርሰንም እሱንና ሚስቱን ቀድማ ታውቃቸው ነበር።

ካርሰን ወደ ክሊቭላንድ ሄዳ ተመረመረች። ክራይል የምርመራ ውጤቷን ተመልክቶ ሳይሸፋፍን ነገራት፤ ካንሰር ነበር፣ ተሰራጭቷልም። ዳግመኛ በስፋት ከመቁረጥ ይልቅ ሕመሙ በታየበት ቦታ ላይ ብቻ ያነጣጠረ የጨረር ሕክምና እንድትወስድ መከራት፤ ይህንንም በምትኖርበት በዋሽንግተን አካባቢ የሚከታተልላት ሐኪም ጠቆማት። ካርሰን እንደ አዋቂ ሰው ቆጥሮ እውነቱን ስላልደበቃት በደብዳቤ አመስግናዋለች። የተነገራት ነገር ከባድ ቢሆንም ባለማወቅ ከመኖር እንደሚሻላት ለፍሪማን በጻፈቻቸው ደብዳቤዎች ይታያል።

ከዚህ በኋላ አሠራሯ ተለወጠ። በየጊዜው የሚሰጣት የጨረር መጠን፣ የሚጠበቀው ጥቅምና የሚያስከትለው ጉዳት ምን እንደሆነ ትጠይቃለች፤ አዲስ ምልክት ሲታያት ለክራይል ትጽፋለች፤ ሁለት ሐኪሞች ሳይስማሙ ሲቀሩ ምክንያታቸውን መዝና ትመርጣለች። ለፀረ-ተባይ ጥናቷ ከሳይንቲስቶች መረጃ በምትሰበስብበት መንገድ የራሷንም ሕመም ተከታተለች።

ሕክምናውና የመጽሐፉ መጠናቀቅ

በ1961 መጀመሪያ ጨረሩ ባዳከመው ሰውነቷ ላይ የባክቴሪያ ኢንፌክሽን ተጨመረ። ጉልበቷና ቁርጭምጭሚቷ አብጦ ለሳምንታት መራመድ አልቻለችም። በዓመቱ መጨረሻ ደግሞ የዓይን ብግነት ይዟት ለጥቂት ጊዜ ማንበብ ተሳናት፤ ያን ጊዜ ረዳቷ የእጅ ጽሑፉን እያነበበችላት በጆሮዋ እየሰማች ታርም ነበር።

በ1962 መጀመሪያ መጽሐፉ ተጠናቀቀ። ደስታው ብዙ አልቆየም፤ በዚያው ፀደይ አዳዲስ እብጠቶች በመገኘታቸው እንደገና የጨረር ሕክምና ጀመረች። ጸጉሯ ስለሳሳ ሰው ፊት ስትቀርብ አርቲፊሻል ጸጉር ታደርግ ነበር። ጽሑፉ ከሰኔ 16 ቀን 1962 ጀምሮ «ኒው ዮርከር» በተባለው መጽሔት በተከታታይ ወጣ፤ መጽሐፉ ደግሞ በመስከረም 27 ቀን 1962 ታተመ። ዕለቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መስከረም 17 ቀን 1955 ዓ.ም.፣ የመስቀል በዓል ቀን ነበር።

የሕመሙ ምስጢር

ካርሰን ሕመሟን የነገረችው በጣት ለሚቆጠሩ ሰዎች ብቻ ነው። ለዚህ ሁለት ምክንያት ነበራት። አንደኛው፣ በዚያ ዘመን የጡት ካንሰር በጋዜጣ ቀርቶ በቤት ውስጥም በሹክሹክታ የሚወራ ነገር መሆኑ ነው። ሁለተኛውና ዋናው የመጽሐፉ ጉዳይ ነው። አንዱ ምዕራፍ ኬሚካሎች ካንሰር ያስከትላሉ ይላል፤ ደራሲዋ ራሷ የካንሰር ታማሚ መሆኗ ቢታወቅ ተቃዋሚዎቿ ክርክሩን ከማስረጃው አንሥተው ወደ እሷ ያዞሩት ነበር። በሳይንስ ሳይሆን በምሬት ጻፈች ይሉ ነበር።

ስጋቷ ያለ ምክንያት አልነበረም። መጽሐፉ ሳይወጣ ገና አንድ የኬሚካል ኩባንያ ለአሳታሚው የክስ ማስጠንቀቂያ ልኳል። ከወጣም በኋላ ትዳር የሌላት ሴት መሆኗ፣ ዶክትሬት የሌላት መሆኗ፣ ስሜታዊ ናት መባሏ ሁሉ መከራከሪያ ሆኖ ቀርቧል። ሕመሟ ቢታወቅ ኖሮ አንድ ተጨማሪ መሣሪያ በሆነላቸው ነበር።

ምስጢሩ ዋጋ አስከፍሏታል። ጥሪ ሲቀርብላት የምትቀርበትን ምክንያት መናገር አትችልም፤ ስትቀርብም ሕመሟን ችላ መቆም ነበረባት። በጥቅምት 1963 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ንግግር ስታደርግ በምርኩዝ ትራመድ የነበረ ሲሆን ለጠየቋት ሁሉ የመገጣጠሚያ ሕመም ነው ትል ነበር።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

በ1963 መጀመሪያ የልብ ሕመም ተገኘባት፤ ካንሰሩም ወደ አጥንቷ መድረሱ ታወቀ። የሆነ ሆኖ ያ ዓመት በሕዝብ ዘንድ ብዙ የታየችበት ዓመት ሆነ። በኤፕሪል 3 ቀን ሲቢኤስ ቴሌቪዥን ስለ መጽሐፏ ያዘጋጀው ዝግጅት ተላለፈ፤ ብዙ ተመልካቾች ያዩት ረጋ ብላ፣ ሳትቸኩል የምትናገር ሴት ነበር። በሜይ 15 ቀን የፕሬዚዳንት ኬኔዲ የሳይንስ አማካሪ ኮሚቴ የካርሰንን ዋና ሐሳብ የሚደግፍ ዘገባ አወጣ። በጁን 4 ቀን ደግሞ በአሜሪካ ሴኔት ንዑስ ኮሚቴ ፊት ቀርባ ስለ ፀረ-ተባይ ቁጥጥር ምስክርነት ሰጠች።

በዓመቱ መጨረሻ በርካታ ክብሮች ተሰጧት፤ ለአሜሪካ የሥነ ጥበባትና የሥነ ጽሑፍ አካዳሚ አባልነትም ተመረጠች። በጥር 1964 የመተንፈሻ አካል ኢንፌክሽን ያዛት። በየካቲት በጨረሩ ምክንያት ከባድ የደም ማነስ እንዳለባት፣ በመጋቢት ደግሞ ካንሰሩ ጉበቷ መድረሱ ታወቀ። ሕክምናዋን ለመቀጠል ለመጨረሻ ጊዜ ወደ ክሊቭላንድ ሄዳ ተመለሰች። በኤፕሪል 14 ቀን 1964 ሜሪላንድ ግዛት ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኘው ቤቷ በልብ ድካም ዐረፈች፤ ዕድሜዋ 56 ነበር። አስከሬኗ ተቃጥሎ ከአመዱ ከፊሉ በእናቷ መቃብር አጠገብ ተቀበረ፤ የቀረውን ፍሪማን በሜይን የባሕር ዳርቻ በተነችው።

ከፍሪማን ጋር የተጻጻፏቸው ደብዳቤዎች በ1995 ሲታተሙ የሕመሟ ዝርዝር ለሰፊው አንባቢ ተገለጠ።

ሕመሟና ፀረ-ተባይ

የካርሰን ካንሰር በፀረ-ተባይ የመጣ ነው የሚል አነጋገር አንዳንዴ ይሰማል። ይህን የሚያረጋግጥ ማስረጃ የለም፤ እሷም ብላ አታውቅም። በአንድ ሰው ላይ የታየን ካንሰር ከአንድ ኬሚካል ጋር ማያያዝ በአብዛኛው አይቻልም። በአጠቃላይ ሲታይ ግን ጥርጣሬዋ መሠረት ነበረው፤ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2015 ዲዲቲን ካንሰር ሊያስከትሉ ይችላሉ ተብለው በብርቱ ከሚጠረጠሩት ነገሮች ተርታ መድቦታል።

ከእሷ በኋላ የተለወጠው ሕክምና

ካርሰን ከሞተች በኋላ ባሉት 20 ዓመታት ውስጥ የጡት ካንሰር ሕክምና መሠረቱ ተለወጠ። አሜሪካዊው ሐኪም በርናርድ ፊሸር በ1970ዎቹ በመራቸው ሰፋፊ ጥናቶች ትልቁ ቀዶ ሕክምና ከአነስተኛው የተሻለ ዕድሜ እንደማይሰጥ ታየ። ብዙ ሴቶች ጡታቸው ሳይወጣ፣ እብጠቱ ብቻ ወጥቶ ጨረር ቢጨመርላቸው በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው እኩል መሆኑም በ1985 በታተመው ውጤት ተረጋገጠ። ክራይል ለዓመታት ሲከራከርለት የነበረው ሐሳብ በዚህ መንገድ ተቀባይነት አገኘ።

ታማሚዋ ተኝታ ሳለች መርምሮ እዚያው የመቁረጡ ልማድም ቀረ። ራሷ የጡት ካንሰር የታከመችው ጋዜጠኛ ሮዝ ኩሽነር በዚህ ጉዳይ ላይ አጥብቃ የተከራከረች ሲሆን፣ በ1979 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የጠሩት የባለሙያዎች ጉባኤ ምርመራውና ቀዶ ሕክምናው በተለያየ ቀን እንዲሆን መከረ። በመካከሉ ሴትየዋ ውጤቷን ሰምታ፣ አማራጮቿን አውቃ ትወስናለች ማለት ነው። በዚያው በ1979 የታተመ ጥናት ሐኪሞች ስለ መንገር ያላቸውን አቋም ዳግመኛ ሲጠይቅ 97 በመቶዎቹ ለታማሚው እውነቱን መናገር እንደሚመርጡ ገለጹ። በ18 ዓመት ውስጥ የሐኪሞቹ አቋም ሙሉ በሙሉ ተገልብጧል።

ካርሰንና ኢትዮጵያ

የካርሰን ሥራና ሕመም ያነሧቸው ሁለት ጥያቄዎች፣ የዲዲቲና የታማሚ መብት፣ በኢትዮጵያም የሚታወቁ ናቸው።

ዲዲቲ በኢትዮጵያ በዋናነት ያገለገለው ወባን ለመከላከል ነው። በ1950ዎቹ የተጀመረው በቤት ውስጥ የመርጨት ሙከራ ከተካሄደባቸው ቦታዎች ደምቢያ፣ ቆቦ፣ የአዋሽ ሸለቆና ጋምቤላ ይገኙበታል። የወባ ማጥፊያ ድርጅት በ1959 ተቋቁሞ ርጭቱ ወደ ሌሎች አካባቢዎች ተስፋፋ፤ በኋላም በአዳሚ ቱሉ የሚገኘው ፋብሪካ ዲዲቲን በአገር ውስጥ ያዘጋጅ ነበር። ብዙ ጊዜ ካርሰን ዲዲቲ ለወባም ቢሆን ፈጽሞ እንዳይነካ ጠይቃለች ይባላል፤ መጽሐፏ ግን እንዲህ አይልም። በሽታ የሚያስተላልፉ ነፍሳትን መከላከል ተገቢ መሆኑን ተቀብላ፣ ኬሚካሉ ያለ ልክ ከተረጨ ነፍሳቱ እየለመዱት ለሚያስፈልግበት ጊዜ ጥቅም እንደማይሰጥ ነው ያስጠነቀቀችው። በኢትዮጵያም የሆነው ይኸው ነው፤ የወባ ትንኝ ዲዲቲን በመላመዷ አገሪቱ ለቤት ርጭት ወደ ሌሎች ኬሚካሎች ዞራለች።

በጋምቤላ ክልል የመጀንግ ዞን ዋና ከተማ በሆነችው በመቲ ዙሪያ ያለው ደን በ2017 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታነት የተመዘገበ ሲሆን፣ የመጀንግ ሕዝብ በደን ውስጥ ንብ በማነብ ይታወቃል። ንብና ቡና ተያይዘው በሚኖሩበት እንዲህ ባለ አካባቢ ፀረ-ተባይን በጥንቃቄ የመጠቀም ጥያቄ የዕለት ተዕለት ኑሮ ጥያቄ ነው።

የጡት ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከሚታዩት ካንሰሮች ቀዳሚው ነው። ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ የጨረር ሕክምና ይሰጥ የነበረው በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ በቅርብ ዓመታት ጅማን ጨምሮ በሌሎች ከተሞችም ተጀምሯል። ከመቲ ለምትነሣ ሴት ጅማ ከአዲስ አበባ ይቀርባል፤ ቢሆንም መንገዱ ረጅም ነው፣ ጨረሩም በተከታታይ ለሳምንታት የሚሰጥ በመሆኑ ማረፊያና ስንቅ ይጠይቃል። ስለዚህ ሴትየዋ ምን እንደያዛት፣ ምን ዓይነት ሕክምና እንዳለና ቢዘገይ ምን እንደሚከተል በጊዜ ማወቋ ለውሳኔዋ ወሳኝ ነው። በኢትዮጵያ ከባድ ሕመም ሲገኝ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚነገረው ለቤተሰብ ነው፤ ከታማሚው የሚደበቀውም ልክ መርዶ በአንድ ጊዜ እንደማይነገረው ሁሉ፣ እንዳይደነግጥ ታስቦ ነው። የካርሰን ታሪክ የሚያሳየው በቅን ልቡና የተደበቀ እውነትም የሕክምና ጊዜ እንደሚያሳጣ ነው፤ እውነቱን ካላወቀችባቸው ስምንት ወራት አብዛኛዎቹ ያለ ተጨማሪ ሕክምና አልፈዋል።

መታሰቢያ

በአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ1970 ተቋቋመ፤ በ1972ም ዲዲቲን ለእርሻ መጠቀምን ከለከለ። በ1980 ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ለካርሰን ከሞት በኋላ የፕሬዚዳንቱን የነጻነት ሜዳይ ሰጥተዋል። የተወለደችበት የስፕሪንግዴል ቤት ዛሬ ለጎብኚዎች ክፍት ሆኖ ተጠብቋል። በማደጎ ያሳደገችው ልጅ እሷ ስትሞት 12 ዓመቱ ነበር፤ በልጅነቱ በሜይን የባሕር ዳርቻና ጫካ ይዛው ስትዞር ያስተዋለችውን የጻፈችበት «የመደነቅ ስሜት» የተባለው ጽሑፍ ከሞተች በኋላ በ1965 በመጽሐፍ መልክ ታትሟል።